በቆሎ ሲረክስ ማን ይከስራል?

ማንኛውንም የኢኮኖሚ ሥርዓት የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ዋጋ የወደቀ ቀን ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? ሶሻሊዝም፣ ነፃ ገበያ፣ ልማታዊ መንግሥት የሚባሉት ስሞች ሁሉ ለእኔ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። የጊዳ አያናንና የመላው ምሥራቅ ወለጋን የበቆሎ ታሪክ በዚህ ጥያቄ እንየው።

በየካቲት 1967 የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ታላቅ ለውጥ ነበር፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል መጣ። ገበሬው መንግሥት በቆረጠለት ዋጋ ኮታውን እንዲያስረክብ ተገደደ። ከተሜው ርካሽ እህል በላ፣ ልዩነቱን ገበሬው ከፈለ።

በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ቀረ። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ መጣ፦ ማዳበሪያ በዱቤ፣ ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች-660 የበቆሎ ዘርም በዱቤ። ገበሬው የተባለውን አደረገ፣ ምርቱም አደገ። በ1994 ግን በቆሎ ገበያውን አጥለቀለቀውና ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። የማሳጨጃውን እንኳ አልመልስ ስላለ እህሉን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር።

ዱቤው ግን አልረከሰም። የዱቤው ዋስ የክልሉ በጀት ስለነበር ዕዳ ሰብሳቢው የቀበሌና የወረዳ አስተዳደር ሆነ። መክፈያው ጊዜ ደግሞ ሁሉም እህሉን የሚሸጥበት፣ ዋጋውም ዝቅ የሚልበት የአጨዳ ማግሥት ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በሬ ግን ይሸጣል። ብዙዎች በሬያቸውን ሸጠው ከፈሉ፣ በቀጣዩ ክረምትም ማዳበሪያ ቀነሱ።

በ1995 ድርቁ ሲበረታ 13 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ያ ሁሉ እህል ማሳ ላይ ከቀረ አንድ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው! በ2000 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምር አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። መጀመሪያ ያገበያየውም በቆሎ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ቡናና ሰሊጥ ቦታውን ያዙት።

እንግዲህ ርዕዮተ ዓለሙ ተለዋወጠ፣ ኪሳራው ግን እዚያው ገበሬው ትከሻ ላይ ቀረ። ለምን? ዋጋውም ሆነ የዕዳ መክፈያው ቀን የሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ገበሬው ስለሌለ ነው። ስለዚህ ኢኮኖሚን ከፖለቲካ ለይቼ ማየት አልችልም። አበዳሪው፣ ዋሱና አስተዳዳሪው አንድ አካል ከሆኑ ገበሬው አቤት የሚልበት ደጅ የለውም።

የእኔ አቋም አጭር ነው። «ይህን ዝራ» ብሎ ያዘዘ ዋጋ ሲወድቅም ድርሻውን ይክፈል። የዱቤ መክፈያው ከአጨዳ ወራት ይራቅ። ገበሬው እህሉን መጋዘን አስይዞ ብድር ያግኝ፣ ዋጋ እስኪያገግምም ይጠብቅ። ይህን የሚያደርግ መንግሥት ራሱን በፈለገው ስም ይጥራ።

እናንተስ? በአካባቢያችሁ ዋጋ ሲወድቅ የሚከስረው ማን ነው?