ለእንግዳው ክለብ የሚቆረጠው ድርሻ

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1969 በእንግሊዝ ሊግ 8 ክለቦች ሻምፒዮን ሆነዋል፦ በርንሌይ፣ ቶተንሃም፣ ኢፕስዊች፣ ኤቨርተን፣ ሊቨርፑል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ማንቸስተር ሲቲና ሊድስ። ፕሪሚየር ሊግ ከተመሠረተበት ከ1992 እስከ 2025 ባሉት 33 የውድድር ዘመናት ግን ለዚህ ክብር የበቁት 7 ብቻ ናቸው። ብዙዎች ይህን የገበያ ሥራ፣ ማንም ያላቀደው ነገር ያደርጉታል። እኔ ግን የደንብ ለውጥ ውጤት ነው እላለሁ። በርንሌይ ያኔም ቢሆን የአንዲት ትንሽ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ክለብ እንጂ ባለጸጋ አልነበረም። ነገር ግን ባለሜዳው ክለብ ከሊግ ጨዋታ የመግቢያ ገቢ እስከ 20 በመቶ ለእንግዳው ያካፍል ስለነበር፣ ትንሹ ክለብ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ወደ ኦልድ ትራፎርድ ሄዶ ቢሸነፍ እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር። የቴሌቪዥኑም ገንዘብ፣ ጥቂት ቢሆንም፣ በአራቱ ዲቪዚዮኖች ላሉት 92 ክለቦች ይዳረስ ነበር።

ያ እኩልነት የቆመው በተጫዋቾች ብዝበዛ ላይ ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥ እስከ 1961 ድረስ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳያልፍ ተገድቦ ነበር፤ ግፍ ነበር፣ መነሣቱም ተገቢ ነው። ይሁንና ጣሪያው ከተነሣ በኋላም የመግቢያው ክፍፍል 22 ዓመት ቆይቷል። በነዚያ ዓመታት ደርቢ ሁለት ጊዜ፣ አስቶን ቪላ በ1981 ሻምፒዮን ሆነዋል። ኖቲንግሃም ፎረስትማ ከታችኛው ዲቪዚዮን ባደገ በዓመቱ፣ በ1978፣ ሊጉን አሸነፈ፤ ቀጥሎም የአውሮፓን ዋንጫ ሁለት ጊዜ ወሰደ። ሊቨርፑል በዚያው ዘመን መግነኑ አይካድም፤ በሩ ግን በሌሎች ላይ አልተዘጋም። ስለዚህ ተጫዋቹ ተገቢ ዋጋውን ማግኘቱና ትንሹ ክለብ መወዳደሩ አብረው የሚሄዱ ነገሮች ነበሩ።

ክፍፍሉ የቀረው በ1983 ነው፤ የትልልቆቹ ክለቦች ፍላጎት ነበርና ባለሜዳው ገቢውን ሁሉ ይዞ ቀረ። በ1992 ደግሞ የአንደኛው ዲቪዚዮን 22 ክለቦች የቴሌቪዥን ውላቸውን ይዘው ከታችኞቹ ተለዩ። ከዚያ በኋላ የቻምፒየንስ ሊግ ገንዘብ እያበጠ ሲሄድ፣ በየዓመቱ የሚሳተፈው ክለብ ከማይሳተፈው ጋር ያለው ርቀት እየሰፋ ሄደ።

ሌስተር በ2016 ሻምፒዮን መሆኑ ይህን ሁሉ ያፈርሳል ይባል ይሆናል። ሌስተር በቀጣዩ ዓመት 12ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በ2023 ወረደ። ብላክበርን በ1995 ዋንጫውን ያነሣው ደግሞ በብረት ነጋዴው በጃክ ዎከር ገንዘብ ነው። አንድ ክለብ ባለጸጋ ባለቤት ማግኘቱ ሊጉን እኩል አያደርገውም።

ትልልቆቹ ክለቦች ገቢያቸውን ለሌላ ማካፈል ያከስራቸዋል የሚለው ክርክርም አያሳምንም። በኤፍኤ ካፕ ባለሜዳውና እንግዳው የመግቢያውን ገንዘብ ዛሬም ይካፈላሉ።