የክሮሞዞም ጫፍ ታሪክ

በሕዋሳችን ውስጥ ዘርን የሚሸከመው ክሮሞዞም እንደ ክር ረዥም ነው። ክር ደግሞ ጫፉ ካልተቋጠረ ይተረተራል። የክሮሞዞምን ጫፍ የሚቋጥረው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሊቃውንት 50 ዓመት ያህል ደክመዋል። ታሪኩን ባጭሩ እናቀርባለን፤ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1938 ሄርማን ሙለር የተባለው አሜሪካዊ በኤክስሬይ የተመቱ ዝንቦችን ሲመረምር፥ የተሰበረ ክሮሞዞም ከሌላ ስብራት ጋር ሲጣበቅ የተፈጥሮ ጫፉ ግን እንደማይጣበቅ ተመለከተ። ጫፉንም «ቴሎሜር» አለው፤ በግሪክ የመጨረሻ ክፍል ማለት ነው። ባርባራ ማክሊንቶክም በበቆሎ ላይ ይህንኑ አየች።

በዚያ ዘመን ሕዋስ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በደንብ ከተመገበ ለዘላለም ይኖራል ይባል ነበር። ይህን ያስተማረው የኖቤል ተሸላሚው አሌክሲስ ካረል ስለ ነበረ፥ ሕዋሱ የሞተበት ሁሉ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርግ ነበር። በ1961 ግን ሌናርድ ሄይፍሊክ እና ፖል ሙርሄድ ብዙ ጊዜ የተከፈሉ የወንድ ሕዋሳትን ገና ጥቂት ከተከፈሉ የሴት ሕዋሳት ጋር በአንድ ዕቃ ቀላቀሉ። ከጊዜ በኋላ የቀሩት የሴቶቹ ብቻ ሆኑ። እንግዲህ ጥፋቱ የምግቡ አልነበረም፤ የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ተከፍሎ ያቆማል። የታላቅ ሰው ስም አንድን ስሕተት ይህን ያህል ዘመን ማቈየቱ ያስገርመናል።

ቈጣሪው የት ነው? የሞስኮው አሌክሴይ ኦሎቭኒኮቭ ከምድር በታች የሚሄደውን ባቡር እያየ አሰበ። ዲ ኤን ኤ ሐዲድ፥ ቀጂው ባቡር ቢሆን፥ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ሐዲድ ሳይቀዳ ይቀራል፤ ስለዚህ ቅጂው በየጊዜው ያጥራል ሲል በ1971 ጻፈ።

መልሱ የተገኘው ቴትራሂሜና ከምትባል ባለ አንድ ሕዋስ የኵሬ ፍጥረት ነው። ይህች ፍጥረት በሺሕ የሚቈጠሩ አጫጭር ክሮሞዞሞች ስላሏት ጫፍ እንደ ልብ ይገኛል። ኤሊዛቤት ብላክበርን በ1978 ጫፎቹ ስድስት ፊደላት እየተደጋገሙ የተሠሩ መሆናቸውን ገለጸች፤ በ1982 ከጃክ ሾስታክ ጋር እነዚሁ ጫፎች በእርሾ ውስጥም ክሮሞዞምን እንደሚጠብቁ አሳየች። ተማሪዋ ካሮል ግራይደር በ1984 የፈረንጆች ገና ዕለት ጫፉን የሚያስረዝመውን ኤንዛይም ሥራ በፊልም ላይ አየች። ቴሎሜሬዝ ተባለ። ሦስቱ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ኦሎቭኒኮቭ ግን ከተሸላሚዎቹ መካከል አልነበረም።

ይህ ኤንዛይም በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ሥራውን አቁሟል፤ ከአሥር የካንሰር ዓይነቶች በዘጠኙ ያህል ግን ነቅቶ ይገኛል። ዕድሜን ለማርዘም እሱን መቀስቀስ የሚሹ ሐኪሞች የሚፈሩት ይህንኑ ነው።