የሚቆይ አሠልጣኝ፦ ከኒው ኦርሊንስ እስከ አዲስ አበባ

በ1913 አዲስ ዓመት ዋዜማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒው ኦርሊንስ ውስጥ አንድ የ11 ዓመት ልጅ የእንጀራ አባቱን ሽጉጥ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ፖሊስ ያዘው፤ ዳኛውም ለጥቁር ልጆች ወደተቋቋመ ማረሚያ ላከው። የማረሚያው የሙዚቃ መምህር ፒተር ዴቪስ መጀመሪያ ፊት ነሣው። ሲውል ሲያድር ግን ታምቡሪን ሰጠው፣ ቀጥሎ ከበሮ፣ በመጨረሻም ኮርኔት። ልጁ ከዚያ ሳይወጣ የባንዱ መሪ ለመሆን በቃ። ስሙ ሉዊስ አርምስትሮንግ ነው።

ያጠፋን ልጅ ዱላና እስር ያቀናዋል የሚለው እምነት መላላት የጀመረው በዚያው ዘመን ነበር። የኒው ዮርክ የሕፃናት ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረው ኧርነስት ኩልተር ችሎት ፊት የሚቀርቡት ልጆች ነገር እንቅልፍ ነሣው። በ1904 አንድ የወንዶች ማኅበር ዘንድ ሄዶ፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ልጅ እንዲይዙ ተማጸናቸው። ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች እሺ አሉ፤ የ«ታላቅ ወንድም» እንቅስቃሴም በዚህ ተጀመረ።

ሌላው አገር የራሱን መንገድ አገኘ። ኢኮኖሚስትና ሙዚቀኛ የነበረው ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው በ1975 ካራካስ ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ 50 የኖታ ማስቀመጫ ደርድሮ ልጆችን ጠበቀ። የመጡት 11 ብቻ ነበሩ። ተስፋ ቆርጦ አልዘጋውም፤ ያ ልምምድ አድጎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ያቀፈው፣ ኤል ሲስቴማ የተባለው የሙዚቃ ማሠልጠኛ ሆነ። ናይሮቢ ማታሬ ሰፈር ደግሞ ካናዳዊው ቦብ ሙንሮ በ1987 የልጆች እግር ኳስ ሊግ ሲያቋቁም አንድ ግዴታ ጣለ፦ መጫወት የሚፈልግ ሰፈሩን ያጽዳ። ቆሻሻ የጠረገ ቡድን የሊግ ነጥብ ይያዝለታል፤ በሰፈር አገልግሎት የበረታ ልጅም የትምህርት ቤት ክፍያው ይሸፈንለታል። ከዚሁ የልጆች ሊግ የወጣው ማታሬ ዩናይትድ በ2008 የኬንያ ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል።

በእኛም አገር አቶ አስፋው የምሩ ነበሩ። ከቡልጋ በልጅነታቸው መጥተው አዲስ አበባ ጎዳና ላይ አድረዋል። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ ከወጥ ቤት የተረፈውን ምግብ ለችግረኛ ልጆች ያካፍሉ፣ ዛፍ ሥር ሰብስበውም ፊደል ያስቆጥሯቸው ነበር። የዛፍ ሥሩ ትምህርት አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ሆነ፤ ክፍያም ዱላም የለበትም። እሳቸውም በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ አልራቁም። በ1996 ደግሞ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም ከጎዳና ልጆች ጋር ዳንስ ጀመረ። ከእነሱ መካከል የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለውን የዳንስ ቡድን አቋቋሙ።

አንዱ ቀንደ መለከት፣ አንዱ ኳስ፣ አንዱ ፊደል ያዘ። የሚያመሳስላቸው ልጁን ያልተወ ሰው መኖሩ ነው። በ1995 አሜሪካ ውስጥ በ959 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት የተመደበላቸው ልጆች አደንዛዥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው ካልተመደበላቸው በ46 በመቶ እንደሚያንስ አሳየ። በ2002 የወጣ ትንታኔ ግን ግንኙነቱ ሦስት ወር ሳይሞላው የተቋረጠባቸው ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ይባሱኑ መውረዱን ገልጿል። ኳስ አድሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ሊጎዳም ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ በሰፈራችሁ የልጆች ቡድን ልታቋቁሙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ማሊያ ከመግዛታችሁ በፊት ለከርሞም ሜዳው ላይ የሚገኝ አሠልጣኝ ያዙ።