ታኮ ከየት መጣ?

«ታኮ» የምንለው ቃል የኛ አይደለም። እንደ ቦርሳ፣ እንደ ካልሲና እንደ ሊስትሮ ከጣሊያን የመጣ ነው። ለእግራችን «ተረከዝ» የሚል ቃል ሞልቶን ሳለ ለጫማው ተበደርን። እኛ ሾፌሮች ደግሞ ዳገት ላይ በቆመ መኪና ጎማ ሥር የሚወተፈውንም እንጨት ታኮ አልነው።

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ሠርግ ላይ አንዲት ልጅ ታኮዋን ቋ ቋ እያደረገች ስትገባ «ይኼ የፈረንጅ ሴት ነገር» የሚል አይጠፋም። ታሪኩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

ታኮ መጀመሪያ የወንድ ነበር። የፋርስ ፈረሰኞች እርካብ ላይ ቆመው ቀስት ሲስቡ እግራቸው እንዳያመልጥ ያደርጉት ነበር። በ1599 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሻህ አባስ መልክተኞቹን ወደ አውሮፓ ላከ፤ የአውሮፓ መኳንንትም ታኮውን ወደዱት። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ቀይ አስቀብቶ የቤተ መንግሥት ሰው መለያ አደረገው። የኛ አገር ፈረሰኛ ግን በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱን ብቻ በትንሽ እርካብ አስገብቶ ነበር የሚጋልበው። ታኮ ምን ያደርግለታል?

ከኛ ጋር የሚያገናኘው ታሪክ የሚጀምረው በ1935 ዓ.ም. ነው። ሙሶሊኒ በጥቅምት ወር አገራችንን ወረረ። የመንግሥታት ማኅበርም በኅዳር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን አልከለከለም፤ የስዊዝንም ቦይ አልዘጋም። ታንኩም አውሮፕላኑም ቤንዚን አልተቸገሩም። የተቸገረው ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ የሚባል በፍሎረንስ ከተማ የሚሠራ ጫማ ሰሪ ነበር!

ፌራጋሞ ለሆሊውድ ተዋንያን ሲሠራ ቆይቶ በ1927 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ባለ ታኮ ጫማ በእግር መሐል ከፍ ብሎ የሚቀረው ክፍል እንዳይሰበር ከውስጥ ቀጭን ብረት ይደገፋል። ጥሩው ብረት በጦርነቱና በማዕቀቡ ምክንያት ጠፋ፤ ያገኘው ደካማ ብረት ደግሞ ተሰበረበት። እሱም የሰርዲኒያን ቡሽ አምጥቶ በታኮውና በሶሉ መካከል ያለውን ክፍተት ሞላው። ዛሬ ከተረከዝ እስከ መሐል እግር ድፍን የሆነው ጫማ በዘመናችን የተስፋፋው ከዚህ ነው። ይህን ራሱ በ1957 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ተርኮታል። ቡሽ ቀላል ነው፤ ሲረገጥም አይጮህም። እንግዲህ ጄኔቭ ላይ ኢትዮጵያን ያላዳነው ማዕቀብ ለዓለም ሴቶች ኮቴው የማይሰማ ጫማ አተረፈ ማለት ነው። ማዕቀቡ ራሱ ጃንሆይ በሰኔ 1936 ዓ.ም. እዚያው ጄኔቭ ተናግረው ብዙም ሳይቆይ ተነሣ።

(ፌራጋሞ የሞተው በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ነው። በወሩ አበበ ቢቂላ ያለ ጫማ ሮም ላይ አሸነፈ።)

ሹሉ ታኮ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ በ1950ዎቹ ነው። ስሙ ስቲሌቶ ሲሆን በጣሊያንኛ ትንሽ ጩቤ ማለት ነው። ውስጡ ብረት ነው፤ የሰውነትን ክብደት ሁሉ በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ ስለሚያሳርፍ የእንጨት ወለል ይበሳል።

በአዲስ አበባም በ1960ዎቹ የሴት አለባበስ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። መጋቢት 30 ቀን 1968 ዓ.ም. በፈረንጅ (በኛ መጋቢት 21 ቀን 1960) ስድስት ኪሎ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎች «ባዕድ ባሕል ነው» ብለው ተቃወሙ፤ እንቁላል ተወረወረ፤ ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ቁጣቸው በአጭር ቀሚስ ላይ ነበር። የባዕድ ጫና አለ ማለታቸው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሱሪና ኮት ለብሶ የሴትን ቀሚስ ባዕድ ማለት ለኔ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም። ሱሪውስ ከየት መጣ?

አረማመዱን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የልጅቷ ጠባይ አይደለም። ከታኮው ጫፍ ያለችው ትንሽ ሽፋን አልቃ ውስጡ ያለው ብረት ወለሉን ሲመታ ነው። ጫማ ሰሪ በጥቂት ደቂቃ ይለውጣታል። ከዚያ እርምጃን ማሳጠር፣ ተረከዝን በዝግታ አሳርፎ ክብደትን ወዲያው ወደ ፊት ማሳለፍ፣ ደረጃ ላይ ደግሞ በፊተኛው እግር መርገጥ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ፕሪንስ ጎዳና ታችኛው ጫፍ ላይ ያለው የድሮ ድንጋይ ንጣፍ ግን ይህ ሁሉ ዘዴ አይሠራበትም። እዚያ የማወርዳቸው ሴቶች ድፍን ታኮ ያደረጉት ቀስ ብለው ያልፋሉ፤ ሹል ያደረጉት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ።