ልጆች በሩቅ ሆነው የሚሰበሰቡበት ዘዴ ታሪክ



ስለ ስብሰባ ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት «ለቀባሪው አረዱት» የሚባለው ዓይነት ነገር ይሆናል። ሆኖም የስብሰባን ጠባይ ሳያጣሩ ስለ ልጆች ስብሰባ መናገር አይቻልምና፣ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። አንድ ሰው ሲናገር ሌሎቹ ዝም ብለው ቢሰሙ ያ ንግግር ይባላል እንጂ ስብሰባ አይባልም። እኛ በማይክሮፎን ፊት የምንቀመጥ ሰዎች ይህን ልዩነት በየቀኑ እናየዋለን፤ ድምፃችን እናንተ ዘንድ ይደርሳል፣ መልሳችሁ ግን ወዲያው ወደ እኛ አይመለስም። ስብሰባ የሚባለው እያንዳንዱ ሰው በተራው የሚናገርበት፣ በተራውም የሚያደምጥበት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በያዘ ጊዜ፣ የልጆች ማኅበሮች በኢንተርኔት መሰብሰብ ጀመሩ። ነገሩ ለብዙ ሰው ፍጹም አዲስ መስሎ ታየው። ዳሩ ግን ተራርቀው የሚኖሩ ልጆችን በአንድ ማኅበር የማገናኘት ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ያንን ታሪክ የመረመረ ሰው ዋናው ነገር መሣሪያው ሳይሆን የስብሰባው ሥርዓት መሆኑን ይረዳል። ዛሬ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

መነሻችንን ከስካውት ማኅበር እናድርግ። የእንግሊዙ ጄኔራል ባደን ፓወል በኦገስት 1907 ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆችን አስፍሮ የሙከራ ካምፕ ባደረገ ጊዜ፣ ልጆቹን በ4 ትንንሽ ቡድኖች ከፈላቸው። ለየቡድኑም ከልጆቹ መካከል አለቃ ሾመለት። ይህ አከፋፈል ለጊዜው ቀላል ነገር ቢመስልም፣ ብዙ ዘመን ቆይቶ ጥቅሙ እንደምን ባለ ቦታ እንደ ተገለጠ በኋላ እናየዋለን።

ማኅበሩ ወደ አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ አንድ ችግር ተነሣ። ከከተማ ርቆ በእርሻ ቦታ የሚኖር ልጅ ቡድን የሚሆኑትን ጓደኞች ከወዴት ያግኝ? ዊልያም ቦይስ የተባለው የጋዜጣ ባለቤት በ1915 ለእንደነዚህ ያሉት ልጆች «የብቸኛ ስካውቶች» ማኅበር አቋቋመ። አባልነቱ በፖስታ ይደረግ ነበር። ማኅበሩን ያጸናው ግን መጽሔቱ ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጽሑፍ የሚያዘጋጁት ልጆቹ ራሳቸው ስለ ነበሩ ነው። የሩቁ ልጅ አንባቢ ብቻ አልነበረም፤ ጸሐፊም ነበር። ማኅበሩ በ1924 ከአሜሪካ የቦይ ስካውት ማኅበር ጋር ተቀላቀለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምሳሌ የምናገኘው ከስካውት ውጪ፣ በአውስትራልያ በረሃ ነው። በዚያ አገር አንዱ የከብት እርባታ ቦታ ከሌላው በመቶ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። በ1929 አልፍሬድ ትሬገር የተባለ መሐንዲስ በእግር ፔዳል እየተሽከረከረ ኃይል የሚሰጥ የራዲዮ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በመጀመሪያ የታሰበው ሐኪም ለመጥራት ነበር። አዴሌድ ሚትኬ የተባሉት የትምህርት ሰው ግን የሐኪሙ ራዲዮ ለልጆችም እንዲያገለግል ሐሳብ አቀረቡና በ1951 በአሊስ ስፕሪንግስ «የአየር ትምህርት ቤት» ተከፈተ። በመጀመሪያ መምህሩ ይናገራል፣ ልጆቹም ያደምጣሉ። ብዙ ሳይቆይ ግን በትምህርቱ መጨረሻ የጥያቄና የመልስ ጊዜ ተጨመረ። በዚያ ራዲዮ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ ልጆቹ ተራ መጠበቅን በግድ ተማሩ። ፊቱን አይተውት የማያውቁትን ጓደኛ በድምፁ ለዩት።

በ1957 በእንግሊዝ አገር በሳተን ፓርክ የዓለም ስካውቶች ታላቅ ስብሰባ፣ ማለት ጃምቦሪ፣ ተደረገ። በዚያ የነበረው የአማተር ራዲዮ ባለሙያ ሌስ ሚቸል፣ ልጆቹ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም በአየር ሞገድ እየተገናኙ ወዳጅነታቸውን እንዲያጸኑ አሰበ። የመጀመሪያውም የአየር ላይ ጃምቦሪ በሜይ 1958 ተደረገ። እንዲህ ያለው የራዲዮ ጣቢያ ፈቃድ የያዘ ሰው ሳይቆጣጠረው ስለማይሠራ፣ በልጁ አጠገብ አንድ ኃላፊ ትልቅ ሰው መኖሩ የግድ ነበር። በኋላም ኢንተርኔት ሲስፋፋ የኢንተርኔት ጃምቦሪ ተጨመረና ሁለቱ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር የሚከበሩ ሆኑ።

እነሆ አሁን ወደ 2020 ደረስን። የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 11 ቀን ወረርሽኙ ዓለም አቀፍ መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ወር የእንግሊዝ ስካውቶች ፊት ለፊት መሰብሰባቸውን አቆሙ። ዙም የተባለውና ለሥራ ስብሰባዎች ታስቦ የተሠራው ዘዴ በድንገት የልጆች መሰብሰቢያ ሆነ። በዚህ ጊዜ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ተፈጸመ፤ ድምፅ የት እንደሚከፈትና የት እንደሚዘጋ ለአለቆቹ ያሳዩአቸው ልጆቹ ናቸውና።

ችግሩ ግን ወዲያው ታየ። ሃያና ሠላሳ ትንንሽ ፊቶች በአንድ መስኮት ላይ ሲደረደሩ ደፋሩ ልጅ ይናገራል፤ ዓይነ አፋሩ ግን ድምፁን ዘግቶ ይቀመጣል። ስብሰባው ሲያልቅም ያ ልጅ መጥቶ እንደ ነበር የሚያስታውስ አይገኝም። መድኃኒቱ የተገኘው ከ1907 አከፋፈል ነው። በዙም ላይ ትልቁን ስብሰባ ወደ ትንንሽ ክፍሎች መለየት ይቻላልና፣ አምስትና ስድስት ልጆች ለብቻቸው ሲሆኑ ዝምተኛውም ተራው ይደርሰዋል።

ሁለተኛው መድኃኒት ለእጅ ሥራ መስጠት ነው። ለልጅ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ቅጣት ነው። ስለዚህ አስተዋይ አለቃ የሚያስፈልገውን ገመድ፣ ወረቀትና መቀስ አስቀድሞ ለወላጆች ያስታውቃል፤ ወይም «ከቤታችሁ አንድ ክብ ነገር ፈልጋችሁ አምጡ» ብሎ ልጆቹን ከወንበራቸው ያስነሣቸዋል። ቋጠሮ የሚያስተምርም ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ካሰረ ቀኙ ለልጁ በግራ በኩል ስለሚታይ፣ ካሜራው እጆቹን ከበላይ እንዲያይ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ነገር ጥበቃ ነው። በ2020 መጀመሪያ ላይ የማይታወቁ ሰዎች ወደ ሰው ስብሰባ እየገቡ ነውር የሆነ ነገር ማሳየት ጀምረው ነበር። በዚህም ምክንያት የመግቢያ ቁልፍ ቃልና የመቆያ ክፍል እንዲኖር ተደረገ። የስካውት ማኅበሮች ደግሞ ሁለት ኃላፊነት ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ሳይገኙ የልጆች ስብሰባ እንዳይከፈት ደነገጉ። ይህ ደንብ ለትንንሾቹም ክፍሎች ስለሚሠራ፣ አለቆች በበቂ ካልተገኙ ክፍሎቹን ማብዛት አይገባም። አጥሩ ከበዓሉ ይቀድማል።

ይህን ሁሉ ስንል ፈጽመው ያልመጡትን ልጆች ልንረሳ አይገባንም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ማለት ዩኒሴፍ፣ ከዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር በ2020 መጨረሻ ባወጣው ጽሑፍ፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 17 ዓመት ከሆነው ልጆች 1.3 ቢሊዮን የሚሆኑት፣ ማለት ከሦስቱ እጅ ሁለቱ፣ በቤታቸው ኢንተርኔት እንደሌላቸው ገልጿል። በአገራችንም በማርች 2020 ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን መሰጠቱ ይታወሳል። ራዲዮው ትልቅ አገልግሎት አበርክቷል፤ የልጁን ድምፅ ግን መልሶ ሊያመጣ አይችልም። ኢንተርኔት ለሌለው ልጅ ስልክ መደወል፣ ደብዳቤ መጻፍና መልሱን በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ማንበብ የቀድሞዎቹ ሰዎች ያወረሱን ዘዴ ነው፤ ዛሬም አላረጀም።

እንግዲህ ደብዳቤው፣ ፔዳሉ ራዲዮና ስክሪኑ እየተተካኩ መጥተዋል። ሁሉንም የፈተናቸው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ በሩቅ ያለው ልጅ ዛሬ ድምፁ ተሰምቷል ወይስ አልተሰማም? ከመካከላችን የልጆችን ማኅበር የሚመራ ሰው ቢኖር፣ ስብሰባውን ከመዝጋቱ በፊት የስም ዝርዝሩን አውጥቶ ያልተናገረውን ልጅ በስሙ ይጥራው።