መሰርሰሪያው ከመተከሉ በፊት፦ የዉበርን የውኃ ጉድጓዶች ታሪክ ለጤና ባለሙያ የሚያስተምረው

መግቢያ

በአንድ የኢንዱስትሪ ቅጥር ግቢ አፈሩና የከርሰ ምድር ውኃው ተበክሏል ተብሎ ሲጠረጠር፣ ጉዳዩ የጂኦሎጂስቶችና የመሐንዲሶች እንጂ የሐኪም አይደለም የሚለው አስተሳሰብ በሙያችን ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በሕክምና ትምህርት ቤት ቆይታው ስለ ኮሌራና ስለ ታይፎይድ ውኃ ወለድነት በሰፊው ተምሯል፤ ፋብሪካ ወደ መሬት ስለሚያፈስሰው ኬሚካል የተማረው ግን ከአንድ ክፍለ ጊዜ ያልበለጠ ነበር። በመሆኑም አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ «የሰፈራችን ውኃ ይሆን እንዴ ያሳመመው?» ብትጠይቀን፣ አብዛኞቻችን የምንሰጣት መልስ «አይመስለኝም» የሚል ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በፊት በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው የዉበርን ከተማ በእርግጥ ተጠይቆ ነበር። ጥያቄውን ተከትለው የመጡት የአፈር፣ የውኃና የጤና ምርመራዎች ከሃያ ዓመታት በላይ ወስደዋል፤ ከዚያ ሁሉ በኋላም የተገኘው መልስ ሙሉ አልነበረም። ለምን ሙሉ እንዳልሆነ ስንመረምር አንድ ቁም ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም የብክለት ምርመራ ሊሰጥ የሚችለው መልስ በአብዛኛው የሚወሰነው መሰርሰሪያው መሬት ከመንካቱ በፊት፣ በዕቅዱ ወቅት መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋና ሁለቱ ጉድጓዶች

ዉበርን ከቦስተን በስተሰሜን የምትገኝ፣ ለረጅም ዘመን በቆዳ ማልፋት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ከ1853 ጀምሮ እስከ 1931 ድረስ በሰሜናዊ ክፍሏ የኬሚካል ፋብሪካዎች ሠርተዋል፤ በዚያ አካባቢ አርሴኒክ፣ እርሳስና ክሮሚየም በአፈሩ ውስጥ ቀርተዋል። በከተማዋ መካከል የሚፈስሰው የአበርጆና ወንዝም የእነዚህን ሁሉ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ሲቀበል የኖረ ነው።

የሕዝቡ ቁጥር እያደገ ሲሄድ ከተማዋ ተጨማሪ የመጠጥ ውኃ አስፈለጋት። በ1958 የቀረበ የአማካሪ መሐንዲሶች ዘገባ የአበርጆና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በአጠቃላይ ለሕዝብ መጠጥ እንደማይሆን፣ ምክንያቱም የተበከለ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ይሁን እንጂ በ1964 «ጂ»፣ በ1967 ደግሞ «ኤች» የተባሉት ሁለት ጉድጓዶች በዚያው ሸለቆ ተቆፍረው ውኃቸው በተለይ ወደ ምሥራቃዊው የከተማዋ ክፍል ይሄድ ጀመር። ነዋሪዎቹ ውኃው መጥፎ ሽታና ጣዕም እንዳለው፣ ቧንቧም እንደሚያበላሽ በተደጋጋሚ አቤት አሉ፤ ፊርማ አሰባስበውም ጉድጓዶቹ እንዲዘጉ ጠየቁ። ጉድጓዶቹ አንዳንዴ ይዘጋሉ፣ የውኃ እጥረት ሲያጋጥም ደግሞ ይከፈታሉ። ከ1968 ጀምሮ ውኃው በክሎሪን ይታከም ነበር፤ ምርመራው ግን በባክቴሪያና በተለመዱት ማዕድናት ላይ ያተኮረ ነበር። የፋብሪካ አሟሚ ኬሚካሎችን የፈለገ ሰው አልነበረምና የተገኘም ነገር አልነበረም። «ውኃው ደኅና ነው» የሚለው መግለጫ ሐሰት ባይሆንም፣ ለተጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ግን አልነበረም።

የእናትየዋ ጥያቄ

በጥር 1972 በምሥራቅ ዉበርን የሚኖር አንድ ትንሽ ልጅ የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) እንደያዘው ታወቀ። እናቱ ልጇን ለሕክምና ስታመላልስ የዚያው ሰፈር ልጆች ወላጆችን በሆስፒታሉ አገኘቻቸው። በሽታው ብርቅ እንደሆነ ተነግሯታል፤ በጥቂት መንገዶች ርቀት ውስጥ ይህን ያህል ልጅ መታመሙ ግን ሊዋጥላት አልቻለም። ሁሉም ቤተሰቦች የሚጋሩት አየሩንና ውኃውን ነው ብላም አሰበች። ልጁን ያክሙ የነበሩት ሐኪም ጉዳዩን መጀመሪያ እንደ አጋጣሚ ቆጠሩት፤ የቤተ ክርስቲያኗ ካህንም ቢሆኑ ሐዘን የወለደው ሐሳብ መስሏቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ካህኑና እናትየዋ የታመሙትን ልጆች መኖሪያ በከተማዋ ካርታ ላይ ምልክት እያደረጉ ሲመዘግቡ፣ ምልክቶቹ በአንድ አካባቢ ተከማችተው ታዩ። ሐኪሙም ካርታውን ካዩ በኋላ ነገሩን በቁም ነገር ይዘው ለሚመለከታቸው አካላት እንዲደርስ አድርገዋል።

ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም ይህን ማንሳታችን። አንድ ሐኪም በክፍሉ የሚያየው አንድ በሽተኛ እንጂ ካርታ አይደለም። ነገር ግን የሕሙማን አድራሻና የመኖሪያ ዘመን በሥርዓት ይመዘገብ ኖሮ፣ ካርታውን ለመሥራት አንዲት ሐዘንተኛ እናት ባላስፈለገች ነበር።

ብክለቱ እንዴት እንደተገኘ

በግንቦት 1979 ከጉድጓዶቹ አቅራቢያ በሚገኝ ባዶ ቦታ ላይ 184 በርሜሎች ተጥለው ተገኙ። በዚህ ምክንያት አንድ የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ለጥንቃቄ ያህል የጉድጓዶቹ ውኃ እንዲመረመር አደረገ። በ«ጂ» ጉድጓድ ውኃ ውስጥ በአንድ ሊትር 267 ማይክሮግራም ትራይክሎሮኢታይሊን እና 21 ማይክሮግራም ቴትራክሎሮኢታይሊን ተገኘ። ሁለቱም ቅባትን ከብረትና ከጨርቅ ለማስለቀቅ የሚያገለግሉ አሟሚዎች ናቸው። በኋላ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው የትራይክሎሮኢታይሊን ጣሪያ በሊትር 5 ማይክሮግራም መሆኑን ስናስታውስ የመጠኑ ክብደት ይገባናል። ጉድጓዶቹ በዚያው ወር ተዘጉ።

የሚያስገርመው ለምርመራው ምክንያት የሆኑት በርሜሎች የብክለቱ ምንጭ ሆነው አለመገኘታቸው ነው። እውነቱ የተገኘው በዕቅድ ሳይሆን በአጋጣሚ ነበር። አጋጣሚ ደግሞ ያለፈውን ዘመን አይመረምርም፤ ከ1964 እስከ 1979 በነበሩት አሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ በውኃው ውስጥ ምን ያህል አሟሚ እንደነበረ የሚናገር አንድም መለኪያ አልተተወም።

ምንጩን ፍለጋ

ቦታው በ1983 በፌዴራሉ የብክለት ማጽጃ ዝርዝር ውስጥ ከገባ በኋላ በዙሪያው የክትትል ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በመጨረሻም በአካባቢው የሚገኙ አምስት ይዞታዎች የብክለት ምንጭ ሆነው ተለዩ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶቹ የሚገኙት ከአበርጆና ወንዝ በስተምሥራቅ ሲሆን፣ ከተጠረጠሩት ይዞታዎች አንዱ ያለው ደግሞ ከወንዙ በስተምዕራብ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ወንዙ ይፈስሳልና ከወንዙ ማዶ ያለ ብክለት ተሻግሮ ጉድጓዶቹ ጋ ሊደርስ አይችልም የሚል መከራከሪያ ቀረበ። ሐሳቡ ለሰሚው ትክክል ይመስላል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት ከታኅሣሥ 1985 እስከ ጥር 1986 ድረስ ጉድጓዶቹን ለ30 ቀናት ያለማቋረጥ በፓምፕ እያስሳበ በክትትል ጉድጓዶቹ ውስጥ ያለውን የውኃ ከፍታ ለካ። ፓምፑ ሳይሠራ ወደ ወንዙ ይፈስስ የነበረው የከርሰ ምድር ውኃ፣ ፓምፑ ሲሠራ ከወንዙ ግራና ቀኝ፣ በወንዙም ሥር እያለፈ ወደ ጉድጓዶቹ መሳቡ ታወቀ። ሰዎች ውኃውን ይጠጡ የነበረው ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ ነውና፣ ምርመራውም መታቀድ የነበረበት በዚያው ሁኔታ ነበር።

በ1986 ጉዳዩ በቦስተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲታይ ጁሪው እያንዳንዱ ኬሚካል ጉድጓዶቹ ጋ የደረሰበትን ወርና ዓመት እንዲወስን ተጠየቀ። ማንም ያልለካውን ነገር ስድስት ተራ ሰዎች እንዲለኩት መጠየቅ ነበር። ጁሪው ከተከሰሱት ሁለት ኩባንያዎች አንዱን ነጻ አድርጎ ሌላኛውን ጥፋተኛ ቢያደርግም፣ ዳኛው የቀኖቹን መልሶች እርስ በርስ የማይጣጣሙ ሆነው በማግኘታቸው ውሳኔውን አልተቀበሉትም፤ ጉዳዩም በ8 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

የጤና ጥናቶቹ

በጥር 1981 የወጣው የመጀመሪያው የጤና ባለሥልጣናት ዘገባ ከ1969 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት 5.3 ሕሙማን ይጠበቁ በነበረበት ከተማ 12 ልጆች በሉኪሚያ መታመማቸውን አረጋገጠ። ሆኖም ከ1979 በፊት የውኃው ይዘት ስለማይታወቅ ከውኃው ጋር ማያያዝ አልተቻለም። በ1984 የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የሁለቱን ጉድጓዶች ውኃ ከማግኘት ጋር የተያያዘ የሉኪሚያ መብዛት እንዳለ አስታወቁ። ነገር ግን በስልክ መጠይቁን ካካሄዱት በጎ ፈቃደኞች መካከል የከተማዋ ነዋሪዎች ስለነበሩበት ጥናቱ ብርቱ ትችት ገጠመው። ሥራው የቅን ሰዎች ሥራ ነበር፤ ዕቅዱ ግን ለተቺዎች በር ከፈተ።

በመጨረሻ የማሳቹሴትስ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት 19 ሕሙማንን ከ37 ጤናማ ልጆች ጋር ያነጻጸረ ጥናት አካሂዶ ውጤቱን በ1990ዎቹ አጋማሽ ይፋ አደረገ፤ በሙያ መጽሔትም በ2002 ታተመ። የዚህ ጥናት ብልኃት የጉድጓዶቹ ውኃ በከተማዋ የቧንቧ መስመር ውስጥ እንዴት ይከፋፈል እንደነበር በሒሳብ ቀመር አስልቶ፣ እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ምን ያህል የተበከለ ውኃ ይደርሰው እንደነበር መገመቱ ነው። ውጤቱም ትኩረት የሚስብ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ከተወለዱ በኋላ ውኃውን መጠጣታቸው ከበሽታው ጋር ግልጽ ዝምድና አላሳየም፤ እናቶች በእርግዝና ወቅት ለውኃው ተጋላጭነት የነበራቸው ልጆች ግን፣ ምንም ካልተጋለጡት ጋር ሲነጻጸሩ የመታመም ዕድላቸው 8.33 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የመተማመኛ ወሰኑ ግን ከ0.73 እስከ 94.67 የተዘረጋ ነበር። ሕሙማኑ ጥቂቶች ናቸውና ከዚህ የጠበበ መልስ ማግኘት አልተቻለም። በ2012 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ትራይክሎሮኢታይሊንን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ምድብ ውስጥ ያስገባው በተለይ ከኩላሊት ካንሰር ጋር ባለው ዝምድና ነው። ስለ ዉበርን ልጆች ግን ከዚያ የሕሙማንና የማነጻጸሪያ ጥናት የላቀ እርግጠኛ መልስ አልተገኘም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የዕቅድ ትምህርት

የዉበርን ታሪክ ለምርመራ ዕቅድ አራት ነገሮችን ያስተምረናል።

አንደኛው፣ ከሁሉ በፊት የቦታውን ታሪክ ማጥናት ነው። ፋብሪካው ምን ያመርት ነበር? ምን ኬሚካል ይገዛ ነበር? ዝቃጩን የት ይጥል ነበር? አሮጌ ካርታ፣ የአየር ፎቶግራፍና የቀድሞ ሠራተኞች ቃል ከብዙ ናሙና ይበልጣሉ። በ1958 የተጻፈው ዘገባ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሁለተኛው፣ ምንጩን፣ መንገዱንና ተጋላጩን በአንድ ሥዕል ማያያዝ ነው። የከርሰ ምድር ውኃን የፍሰት አቅጣጫ ለማወቅ በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ ብክለት ካልደረሰበት ከላይኛው አቅጣጫ ደግሞ የማነጻጸሪያ ጉድጓድ መኖር አለበት። ትራይክሎሮኢታይሊን ከውኃ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ በብዛት ሲፈስስ ወደ ታች ሰምጦ እስከ አለቱ ሊደርስ ይችላል፤ ከላይ ብቻ የተቀዳ ናሙና ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ማረጋገጫ አይሆንም። በሌላ በኩል ውኃ የማያሳልፈውን የሸክላ ንብርብር በግዴለሽነት መብሳት ብክለቱን ወደ ጥልቁ ማስገባት ነው። መርማሪም እንደ ሐኪም አስቀድሞ አለመጉዳት ይጠበቅበታል።

ሦስተኛው የናሙና ጥንቃቄ ነው። እነዚህ አሟሚዎች በቀላሉ ይተንናሉና ጠርሙሱ የአየር ክፍተት ሳይቀርበት ሞልቶ ወዲያው መከደንና በቅዝቃዜ መጓጓዝ አለበት። ከእውነተኛው ናሙና ጋር ንጹሕ ውኃ የያዘ ባዶ ናሙና አብሮ ካልተላከ፣ የተገኘው ኬሚካል ከመሬቱ ይሁን ከመኪናው ወይም ከላቦራቶሪው መለየት ያስቸግራል። ላቦራቶሪው ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠንም አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

አራተኛውና እኛን በቀጥታ የሚመለከተው፣ የጤና ባለሙያው ከዕቅዱ ጀምሮ መገኘት ነው። ሰዎች የትኛውን ውኃ፣ ከመቼ እስከ መቼ ጠጡ? እርጉዞች ነበሩባቸው? እነዚህ ጥያቄዎች የናሙናውን ቦታና ጊዜ ይወስናሉ። ዉበርን ውስጥ አፈሩን የመረመሩትና ሕሙማኑን የቆጠሩት ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተለያይተው ሠርተዋል፤ ጠቃሚው መልስ የመጣው የውኃው ስርጭትና የሕሙማኑ መዝገብ በአንድ ጥናት ሲገናኙ ነው።

ማጠቃለያ

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአቃቂ የውኃ ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ከሚሰጡት ምንጮች መካከል ናቸው፤ በአቃቂ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥም የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን ሠርተዋል። ይህ ብቻውን ጉዳት ደርሷል ለማለት አያበቃም፤ የዛሬው ንጽሕና ወይም ብክለት ዛሬ ተለክቶ መመዝገብ እንዳለበት ግን ያስገነዝባል። ከሃያ ዓመት በኋላ አንዲት እናት ጠይቃ መልስ ብታጣ፣ ያጣችው እኛ ዛሬ ያልመዘገብነውን ነው።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በካርዱ ላይ የበሽተኛውን ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ሥራውን፣ የሚጠጣውን ውኃ ምንጭና በዚያ የኖረበትን ዘመን እንጻፍ። በአቅራቢያችን የአፈርና የውኃ ምርመራ ሲታቀድም ውጤቱ እስኪላክልን ሳንጠብቅ ከዕቅዱ ስብሰባ ላይ እንገኝ። «የሰፈራችን ውኃ ይሆን እንዴ?» ተብለን ስንጠየቅም «አይመስለኝም» ከማለት ይልቅ «የት ነው የሚኖሩት? ከመቼ ጀምሮ?» ብለን መልሰን እንጠይቅ።