የኮምፒዩተር ቃላት በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንደበት፤ የልዩነቱ ታሪካዊ አመጣጥ

አዲስ መሣሪያ ከአዲስ ስም ጋር ይመጣል። መሣሪያው በአንድ አገር ሳይወሰን በልዩ ልዩ አገሮች በአንድ ዘመን ሲሠራ ግን ስሙም እንደየሠሪው ይለያያል። የኮምፒዩተር ትምህርት በብዙ አገሮች በእንግሊዝኛ ቃላት የሚሰጥ በመሆኑ፣ ቃላቱና አነባበባቸው አንድ ወጥ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው፣ አሜሪካዊውና አውስትራሊያዊው አንዱን ነገር በተለያየ ስም የሚጠሩበት፣ አንዱንም ቃል በተለያየ ድምፅ የሚያነቡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ተማሪ ከአስተማሪው በተለየ ድምፅ ስላነበበ ብቻ «ተሳስተሃል» እንዳይባል፣ የልዩነቱን ምንጭ መመርመር ተገቢ ነው።

በመሠረቱ «ኮምፒዩተር» የሚለው ቃል ራሱ የመሣሪያ ስም አልነበረም። እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ በይበልጥ የሚያመለክተው በሙያው ስሌት የሚያሰላውን ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ኤኒያክ የተባለው መሣሪያ በ1946 በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ ተገለጠ። በብሪታንያም የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ በ1948 በውስጡ የተቀመጠለትን ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ አካሄደ፤ በ1949 ደግሞ የካምብሪጁ ኤድሳክ ሥራ ጀመረ (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ ሙያው ሁለት የትውልድ ስፍራዎች ስለ ነበሩት፣ የሙያው ቃላትም በሁለት ወገን አደጉ።

ለምሳሌ ያህል መሣሪያው መረጃ የሚይዝበትን ክፍል እንመልከት። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ1830ዎቹ ዓመታት በነደፈው የስሌት መሣሪያ፣ ቁጥሮች የሚቀመጡበትን ክፍል «ስቶር»፣ ማለት ጎተራ፣ የሚሰሉበትን ክፍል ደግሞ «ሚል»፣ ማለት ወፍጮ ብሎ ሰይሞ ነበር። የብሪታንያ ባለሙያዎችም «ስቶር» የሚለውን ስም ለብዙ ዓመታት ይዘው ቆዩ። በአሜሪካ ግን ጆን ፎን ኖይማን በ1945 ባዘጋጀው ዘገባ መሣሪያውን ከሰው የነርቭ ሥርዓት ጋር በማነጻጸር «ሜሞሪ»፣ ማለት የማስታወስ ችሎታ የሚለውን ቃል ተጠቀመ። የአሜሪካ ኢንዱስትሪ በዓለም ገበያ እየገነነ ሲሄድ «ሜሞሪ» አየለ። በአማርኛ የተበጀው «ማኅደረ ትውስታ» የሚለው ስያሜ ሁለቱንም አሳቦች አጣምሮ መያዙ ልብ ሊባል ይገባል፤ «ማኅደር» ማስቀመጫውን፣ «ትውስታ» ማስታወሱን ያመለክታልና።

ከቃል ልዩነት ይልቅ ችግር የሚያስከትለው የምልክት ልዩነት ነው። አሜሪካውያን «#» የሚለውን ምልክት «ፓውንድ» ይሉታል፤ ምክንያቱም ከቁጥር ቀጥሎ ሲጻፍ የክብደት መለኪያ የሆነውን ፓውንድ ያመለክት ስለ ነበር ነው። ለእንግሊዛዊው ግን ፓውንድ የገንዘቡ ስም፣ ምልክቱም «£» ነው፤ «#»ን የሚጠራው «ሃሽ» ብሎ ነው። በ1963 በአሜሪካ በወጣው አስኪ በተባለው የፊደላት ደንብ 35ኛው ቁጥር ለ«#» ሲሰጥ፣ የብሪታንያ ደንብ በዚያው ቁጥር «£»ን አስቀመጠ። ከዚህም የተነሣ በአንዱ አገር «#» ተብሎ የተጻፈው በሌላው አገር ማተሚያ «£» ሆኖ ይወጣ ነበር። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው የሚያየው ምልክት ነው።

የአነባበብ ልዩነት መንሥኤ ደግሞ በአብዛኛው ቃሉ ከጆሮ በፊት ወደ ዓይን መድረሱ ነው። በመጽሐፍ ብቻ ያወቀውን ቃል ሰው በለመደው ደንብ ያነበዋል። ለመረጃ የሚሆነውን ቃል እንግሊዛውያን በብዛት «ዴታ» ሲሉት፣ አውስትራሊያውያን ዘንድ «ዳታ» ማለት የተለመደ ነው። ከፈረንሳይኛ የተወሰደውን «ካሽ» የተባለውን የጊዜያዊ ማከማቻ ስም ብዙ አውስትራሊያውያን «ኬሽ» ብለው ያነባሉ። መረጃን ከመረብ ወደ መረብ የሚያስተላልፈው መሣሪያ በብሪታንያ «ሩተር»፣ በአሜሪካ «ራውተር» ይባላል።

አንዳንድ ጊዜም ስም ይለወጥና የቀድሞው ድምፅ ይቀራል። የአይ ቢ ኤም ባለሙያዎች በ1974 ያስተዋወቁት የመረጃ መጠየቂያ ቋንቋ ስሙ «ሲክወል» ነበር። ስሙ የሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት ሆኖ ስለ ተገኘ ወደ «ኤስ ኪው ኤል» አጠረ፤ ሆኖም ብዙዎች እስከ ዛሬ «ሲክወል» ይሉታል። የፈጣሪም ቃል ቢሆን ልማድን አያሸንፍም። በ1987 ኮምፒዩሰርቭ የተባለው ኩባንያ ያወጣውን የሥዕል ፋይል ዓይነት የሠራው ስቲቭ ዊልሃይት፣ በ2013 ትክክለኛው አነባበብ «ጂፍ» ነው ብሎ ቢያሳስብም፣ «ጊፍ» የሚሉት ልማዳቸውን አልተዉም።

ይህ ጉዳይ ኢትዮጵያንም ይነካል። የአገራችን ተማሪዎች እንግሊዝኛን ከብሪታንያና ከሕንድ መምህራን፣ ከ1962 ጀምሮም ከአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ጭምር ሲማሩ ኖረዋል። አማርኛም «ራውተር»ን በአሜሪካውያን ድምፅ ሲቀበል፣ «ዳታ»ን እንግሊዛውያን በብዛት ከሚሉት በተለየ ድምፅ ይዟል።

እንግዲህ ለመምህሩ ሁለት ነገሮችን ለይቶ መያዝ ይበጃል። በአነባበብ ረገድ የቋንቋው ባለቤቶች ያልተስማሙበትን ከተማሪ አንድ ድምፅ ብቻ መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም፤ የሚበልጠው ተማሪው የነገሩን ምንነት ማወቁ ነው። በአጻጻፍና በምልክት ረገድ ግን ፍጹም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሰው «ዴታ»ንም «ዳታ»ንም ሰምቶ አንድ ነገር ሲረዳ፣ በፕሮግራም ውስጥ በአንድ ምልክት ምትክ ሌላው ከገባ ሥራው ይበላሻልና።